ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ለወጣ ሐሳብ የማን ገንዘብ ይሻላል?

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ቦስተን አካባቢ ዶክትሬቷን እየጨረሰች ነው፤ ሳይላላጥ የሚቆይ ሽፋን ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ አንድ ቬንቸር ካፒታል 2 ሚሊዮን ዶላር ልስጥሽና ኩባንያ አቋቁሚ አለኝ። ልቀበል?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ደስታም ፍርሃትም ነበረበት።

«መቼ መልሺ ይሉሻል?» ብዬ ጠየቅኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «ብድር እኮ አይደለም» አለች።

ልክ ናት፤ ብድር አይደለም፤ ቬንቸር ካፒታል ገንዘብ ሰጥቶ የኩባንያውን ድርሻ ነው የሚወስደው። ግን የሚሰጣት ሰው መውጫ ቀኑን ቆጥሮ ነው የሚገባው። የመንግሥት ግራንት፣ የማይመለሰው ድጋፍ፣ የራሱ ቀን አለው። የዘመድ ገንዘብም እንደዚሁ። ሳይንሱ ደግሞ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ከዩኒቨርሲቲ ላብ የሚወጡ ኩባንያዎች፣ ስፒን-ኦፍ የምንላቸው፣ ሲወድቁ አይቻለሁ። አብዛኞቹ የወደቁት ገንዘብ አጥተው አልነበረም። የገንዘቡ ቀንና የሳይንሱ ቀን አልገጥም ብሏቸው ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ሳወዳድር «ስንት ይሰጣል?» ከማለቴ በፊት «መቼ፣ ስንት እጥፍ ሆኖ እንዲመለስ ይፈልጋል?» እላለሁ።

አብዛኛው የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፤ የኖርኩትም የሠራሁትም እዚህ ነው። አውሮፓና እስራኤል ላላችሁ ወደ መጨረሻው ጥቂት ነገር አለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከገንዘቡ በፊት፦ ሐሳቡ የማን ነው?

ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በዩኒቨርሲቲ ላብ፣ በዩኒቨርሲቲው ዕቃ፣ በመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሠራችሁት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ነው። እናንተ ፈጣሪ ተብላችሁ ፓተንቱ፣ የፈጠራ መብት ወረቀቱ፣ ላይ ስማችሁ ይጻፋል። ባለቤቱ ግን ሌላ ነው።

መነሻው በ1980 የወጣው የቤይ-ዶል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በፌዴራል ገንዘብ የተገኘ ፈጠራ በአብዛኛው መንግሥት እጅ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። ሕጉ ዩኒቨርሲቲዎች ባለቤት ሆነው ለኩባንያ ፈቃድ እንዲሰጡበት በር ከፈተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያለው የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ የሚተዳደረው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው።

ሆኖም ሕጉ ብቻውን ባለቤትነት አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው የፈረማችሁት ወረቀት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የመድኃኒት ኩባንያው የሮሽ ክርክር ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ የስታንፎርድ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው «መብቴን ለማስተላለፍ እስማማለሁ» ብሎ ፈርሞ ነበር። በኋላ ለሥራ ወደ አንድ ኩባንያ ሲመላለስ ደግሞ «በዚህ ፊርማ አስተላልፌያለሁ» የሚል ወረቀት ፈረመ። ነገሩ የኤችአይቪ መመርመሪያ ዘዴ ነበር። የኩባንያው መብት በሽያጭ ለሮሽ ተላለፈ። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሮሽ ፈረደ። «እስማማለሁ» እና «አስተላልፌያለሁ»፤ ልዩነቱ ይህችው ነበረች። እንግዲህ ለጉብኝት በገባችሁበት ኩባንያ በር ላይ የሚሰጧችሁን ቅጽ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ፈቃዱን ሰጥቶ ላብ ውስጥ መቀመጥ

ኩባንያ ማቋቋም ግዴታ አይደለም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ።

የስታንፎርዱ ስታንሊ ኮኸንና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮው ኸርበርት ቦየር በ1970ዎቹ ዘረመልን ቆርጦ የመቀጠል ዘዴ አገኙ። ስታንፎርድ ፓተንቱን ለአንድ ኩባንያ ብቻ አልሰጠም። ለጠየቀ ሁሉ በአነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ ፈቀደ። መነሻው 10,000 ዶላር ነበር። 468 ኩባንያዎች ፈረሙ። ፓተንቱ በ1997 እስኪያበቃ ድረስ ወደ 255 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ፈጠራችሁ ለብዙ ሰው የሚጠቅም መሣሪያ ወይም ዘዴ ሲሆን ነው። ሌላ ኩባንያ ነገ ወስዶ ሊጠቀምበት ከቻለ እናንተ ለምን ፋብሪካ ትከፍታላችሁ? በስታንፎርድ አሠራር ቢሮው ከገቢው 15 በመቶ ይቀንሳል፤ ወጪም ይነሳለታል። ቀሪው ለፈጣሪዎቹ፣ ለትምህርት ክፍሉና ለኮሌጁ እኩል ሦስት ቦታ ይከፈላል። እናንተ ምርምራችሁን ትቀጥላላችሁ፤ ቼኩ ሲመጣ ይመጣል። የሚያስጨንቅ የመመለሻ ቀንም የለበትም።

ችግሩ ገና ጥሬ የሆነ ፈጠራ ሲሆን ነው። ጠረጴዛ ላይ አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚከሽፍ ነገር የሚወስድ ትልቅ ኩባንያ አይገኝም። ማብሰል የሚችል ሰው ያስፈልገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያ ሰው እናንተ ናችሁ። ስፒን-ኦፍ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

የመንግሥት ግራንት

ኤስቢአይአር የሚባለው ፕሮግራም ከ1982 ጀምሮ አለ። ትልልቅ የምርምር በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው 3.2 በመቶውን ለትናንሽ ኩባንያዎች እንዲመድቡ ያስገድዳል። ድርሻ አይወስድም። ቦርድ ላይ አይቀመጥም። ቢከሽፍባችሁም መልሱ አይላችሁም። የስልክ ቺፕ ሠሪው ኳልኮምና ሮቦት ሠሪው አይሮቦት ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ ከዚህ ቋት ቀምሰዋል።

ገንዘቡ በደረጃ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሐሳቡ ይሠራል ወይ የሚለውን ታሳያላችሁ፤ በጥቂት መቶ ሺዎች ዶላር። በሁለተኛው ምርቱን ትሠራላችሁ፤ እዚህ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሊያልፍ ይችላል። ኤስቲቲአር የሚባል እህት ፕሮግራምም አለው። እሱ ከዩኒቨርሲቲ ጋር በሽርክና ነው፦ ኩባንያው ቢያንስ 40 በመቶውን፣ የምርምር ተቋሙ ቢያንስ 30 በመቶውን ሥራ ይሠራሉ። ትልቁ ጥቅሙ ዋና ተመራማሪው ዩኒቨርሲቲውን ሳይለቅ መምራት መቻሉ ነው። በኤስቢአይአር ግን ዋና ተመራማሪው በዋናነት የኩባንያው ሠራተኛ መሆን አለበት።

ለእኛ ሰው ግን አንድ ትልቅ በር አለበት። ኩባንያው በአብዛኛው በአሜሪካ ዜጎች ወይም በግሪን ካርድ ባለቤቶች የተያዘ መሆን አለበት፤ ከ50 በመቶ በላይ። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ብቻውን ያቋቋመው ኩባንያ አያልፍም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው የላብ ጓደኛችሁ ወይም ፕሮፌሰራችሁ ከግማሽ በላይ ድርሻ ሲይዝ ነገሩ ይቀየራል። ይህን ኩባንያው ሲመዘገብ አስቡበት፤ ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አይሆንም።

ድክመቱንም ልናገር። ይዘገያል። አመልክታችሁ ገንዘቡ እጃችሁ እስኪገባ ወራት ይሄዳሉ። ኮንግረስም ፕሮግራሙን በየጊዜው ማደስ አለበት፤ በ2025 ሴፕቴምበር 30 የሕግ ፈቃዱ ሳይታደስ አብቅቶ ብዙ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ በር ክፍት መሆኑን አይታችሁ ነው ዕቅድ የምታወጡት። ሌላው ድክመት የሚያማልል መሆኑ ነው። ከግራንት ወደ ግራንት እየዘለሉ አሥር ዓመት የኖሩ፣ አንድም ደንበኛ ያላገኙ ኩባንያዎች አሉ። ሪፖርት መጻፍ ለምደው ምርት መሸጥ ረስተዋል። ለዚህ መድኃኒቱ አይ-ኮር ነው፤ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በ2011 የጀመረው። ተመራማሪዎችን ከላብ አውጥቶ 100 ገደማ ሊሆኑ የሚችሉ ደንበኞችን እንዲያነጋግሩ ያደርጋል። ዕድሉን ካገኛችሁ አትለፉት።

ቬንቸር ካፒታል ከውስጥ ሲታይ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

የቬንቸር ካፒታል ሰው በአብዛኛው የሚያፈሰው የራሱን ገንዘብ አይደለም። ከጡረታ ፈንድ፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ተቀማጭ ሀብት፣ ከባለጠጋ ቤተሰቦች ይሰበስባል። ፈንዱ አብዛኛውን ጊዜ የ10 ዓመት ዕድሜ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያፈሳል፤ በቀሩት ይለቅማል። እሱም አለቃ አለው ማለት ነው፤ እሱም ቀን ይቆጠርበታል።

እስቲ እናስላው። 100 ሚሊዮን ዶላር ያለው ፈንድ ለባለገንዘቦቹ ሦስት እጥፍ መመለስ ይፈልጋል እንበል። ካፈሰሰባቸው ኩባንያዎች አብዛኞቹ እንደሚከሽፉ ያውቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሚጠብቀው ብቻውን ፈንዱን የመመለስ ዕድል ነው። ከእናንተ ኩባንያ በመጨረሻ 15 በመቶ ቢኖረው፣ 100 ሚሊዮኑን ለማግኘት ኩባንያው በ670 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ መሸጥ አለበት። በ30 ሚሊዮን ቢሸጥስ? ለእናንተ የሕይወት ለውጥ ነው። ለእሱ ግን 4.5 ሚሊዮን ነው፤ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰውየው ስግብግብ ስለሆነ አይደለም። የቆመበት ሒሳብ እንዲህ ስለሆነ ነው።

ሒሳቡ ሲገጥም ደግሞ ተአምር ይሠራል፤ ይህንንም መካድ የለብኝም። በ1957 ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው ሊንከን ላቦራቶሪ የወጡ ሁለት መሐንዲሶች ዲጂታል ኢኩፕመንት የሚባል ኮምፒውተር ሠሪ አቋቋሙ። የጆርጅ ዶሪዮ የቬንቸር ካፒታል ድርጅት፣ ኤአርዲ፣ 70,000 ዶላር ሰጥቶ 70 በመቶ ድርሻ ወሰደ። ያ ድርሻ በኋላ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በ1976 ቦየር፣ ያ የዘረመሉ ሰው፣ ከቦብ ስዋንሰን ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው ጄነንቴክን መሠረቱ። የቬንቸር ካፒታል ሰዎቹ ክላይነርና ፐርኪንስ 100,000 ዶላር ጨመሩበት። በ1980 አክሲዮኑ ለሕዝብ ሲሸጥ በ35 ዶላር ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ 88 ደረሰ። ጉግልም ድረ ገጾችን በደረጃ የሚያስቀምጥበት የፔጅራንክ ዘዴ ፓተንቱ የስታንፎርድ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለፈቃዱ አክሲዮን ተቀብሎ በኋላ 336 ሚሊዮን ዶላር ሸጦታል።

እነዚህ ሁሉ ምን ያመሳስላቸዋል? ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ሳይንሱ ዋናውን ጥያቄ መልሶ ነበር። ዘረመል መቁረጥ እንደሚቻል ታውቋል። ፔጅራንክ ስታንፎርድ ውስጥ እየሠራ ነበር። የቀረው ማሳደግ ነበር፤ ቬንቸር ካፒታል ደግሞ በማሳደግ የሚስተካከለው የለም።

«መድኃኒትስ? እሱም እኮ አሥር ዓመት ይፈጃል» ትሉኝ ይሆናል። ይፈጃል። ግን መድኃኒት መንገዱ ላይ ምልክት አለው። በእንስሳ ላይ ተሞከረ፤ በሰው ላይ አንደኛው ምዕራፍ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ዋጋው ይጨምራል። ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ደግሞ ገና ለገበያ ሳይቀርብ ይገዛሉ። ባለሀብቱ መጨረሻውን ሳይጠብቅ መውጣት ይችላል።

ባትሪ፣ አዲስ ማቴሪያል፣ ኃይል ማመንጫ ግን እንዲህ ዓይነት መውጫ የለውም። ከ2006 እስከ 2011 የአሜሪካ ቬንቸር ካፒታል በንጹህ ኃይል ላይ ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ከኤምአይቲ በ2001 የወጣውን ኤ123 ሲስተምስን ተመልከቱ። ምርጥ የባትሪ ኬሚስትሪ ነበረው። በ2009 አክሲዮን ሸጦ ወደ 380 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ ከመንግሥትም 249 ሚሊዮን ተፈቀደለት። ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። የኤሌክትሪክ መኪና ገበያው ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ ጉድለት ያለባቸውን ባትሪዎች መተካትም ብዙ ገንዘብ አስወጣው። በ2012 ኦክቶበር ለኪሳራ አመለከተ። የቻይናው ዋንሺያንግ ገዛው። ሳይንሱ ውሸት አልነበረም። ገበያው ነው የዘገየበት።

የእኔ ታሪክ

እኔም ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነው የወጣሁት። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብ የወጣ ትንሽ ኩባንያ ሦስተኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ጋዝ የሚያጣራ ስስ የሴራሚክ ሳህን ነበር የምንሠራው፤ ውፍረቱ ከእንጀራ የማይበልጥ። በምድጃ 800 ዲግሪ እናሞቀዋለን፤ ከዚያ እናቀዘቅዘዋለን። ሲቀዘቅዝ አንዳንዱ «ጠቅ» ይላል። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጠዋት ምድጃውን ከፍተን የተረፉትን ነጭ ጨርቅ ላይ እየደረደርን እንቆጥራለን።

ለባለሀብቶቹ በ18 ወር ውስጥ የሙከራ ማሽን እናሳያለን ብለን ነበር። በ17ኛው ወር ከ40 ሳህን 11 ተርፎ ቦርዱ ፊት ቀረብን። ፕሮፌሰራችን «ለምን እንደሚሰነጠቅ ገና አልገባንም፤ ስድስት ወር ስጡን» አሉ። ከቦርዱ አንዱ ደግሞ በትሕትና «ቀጣዩን ዙር ገንዘብ ለማምጣት የሚታይ ነገር ያስፈልገናል» አለ። ትልቅ ምድጃ ተገዛ። ትልቁ ምድጃ ብዙ ሳህን ሰነጠቀ፤ ሌላ ነገር አልተለወጠም። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ሳይበስል አክንባሎውን ከከፈትን ትቆጣ ነበር። እኛ የከፈትነው ያኔ ነው።

ኩባንያው ተዘጋ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ እዚያው ላብ ውስጥ የቀረች ተማሪ ምክንያቱን አገኘችው። ሳህኑና ዙሪያውን የምናሽግበት ማጣበቂያ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ሲቀዘቅዙም እኩል አይሰበሰቡም። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነበር። የደረሰችበት በአነስተኛ የመንግሥት ግራንት ነው። ያን ቀን ኢሜይሏን ሳነብ መኪና ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ።

ማናቸውንም አልወቅስም። ባለሀብቶቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ለምርምር ጥያቄ የማሳደጊያ ገንዘብ ተቀበልን።

ሶስና ኃይሌን በዚህ ምክንያት ነው ሁልጊዜ የማነሳት። አዲስ አበባ የተወለደች፣ ኤምአይቲ የተማረች፣ በካልቴክ ስታስተምር የነበረች፣ ዛሬ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያለች ሳይንቲስት ናት። በ2001 ከተማሪዎቿ ጋር ጠጣር አሲድን ለፊውል ሴል፣ ነዳጅን ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው መሣሪያ፣ መጠቀም እንደሚቻል አሳየች። ከዚያ ሥራ ሱፐርፕሮቶኒክ የሚባል ኩባንያ ወጣ፤ በኋላም ሴፍሴል የሚባለው ፓሳዲና ውስጥ ሥራውን ያዘ። ከግኝቱ ወዲህ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሄዷል። የቬንቸር ፈንድ ሁለት ዕድሜ ማለት ነው። የማቴሪያል ሳይንስ ፍጥነቱ ይህ ነው፤ ድክመት አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ

ለእንዲህ ዓይነቱ ቀርፋፋ ሳይንስ የሚታገሥ ገንዘብም ተፈጥሯል። ኤምአይቲ በ2016 ዘ ኤንጅን የሚባለውን ፈንድ ያቋቋመው ከባድ ቴክኖሎጂ ከተለመደው ፈንድ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈልግ አይቶ ነው። በ2018 ከኤምአይቲ የወጣው የኒውክሌር ውህደት ኃይል ኩባንያ ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ እዚያ ከተደገፉት አንዱ ነው። ታጋሽ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ የሚመርጡት ጥቂቱን ነው።

ከደንበኛ በሚገኝ ገንዘብ ማደግም ይቻላል። የኤምአይቲ ፕሮፌሰር የነበረው አማር ቦዝ በ1964 የድምፅ ማጉያ ኩባንያውን አቋቋመ። አክሲዮኑን ለሕዝብ ሳይሸጥ ትርፉን መልሶ ወደ ምርምር አስገባ። በ2011 አብዛኛውን ድርሻ፣ ድምፅ የማይሰጥበትን፣ ለኤምአይቲ በስጦታ ሰጠ። ይህ ቶሎ የሚሸጥ ነገር ላለው ሰው ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚሸጥ ነገር ከሌላችሁ ግን አማራጭ አይደለም።

የግለሰብ ባለሀብት፣ ኤንጀል የሚሉት፣ በፍጥነት ይወስናል። ጉግል በ1998 ከአንዲ ቤክቶልሻይም የተቀበለው 100,000 ዶላር እንዲህ ዓይነት ነበር። የትልቅ ኩባንያ ገንዘብ ደግሞ ደንበኛና ሙያ ይዞ ይመጣል፤ ግን የመጀመሪያ የመግዛት መብት የሚጠይቅ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ተወዳዳሪዎቹ ይሸሿችኋል።

የዘመድና የእቁብ ገንዘብ? እባካችሁ ተዉት። እቁብ ምግብ ቤት ከፍቷል፣ ታክሲ ገዝቷል፣ ቤት አስይዟል። ዋሽንግተን አካባቢ ስንቱን ሰው አቁሟል። ግን እቁብ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይከፈላል። ላብራቶሪያችሁ በየሳምንቱ ገንዘብ አያስገባም። ሳህኑ ሲሰነጠቅ የሚሰነጠቀው ዝምድናም ነው።

ታዲያ የቱ ለማን?

ሶፍትዌር ከሆነ፣ ተጠቃሚ ካለው፣ ገበያው ትልቅ ከሆነና ቀድሞ የደረሰ የሚያሸንፍበት ከሆነ ቬንቸር ካፒታል ውሰዱ፤ አትዘግዩ። መድኃኒት ከሆነ ላብ ውስጥ በግራንት የእንስሳ ሙከራውን አሳዩና ከዚያ በባዮቴክ ላይ ብቻ ወደሚሠሩ ፈንዶች ሂዱ። ማቴሪያል፣ ኃይል ወይም ማሽን ከሆነ ግራንቱን አስቀድሙ፤ «ለምን ይሠራል? ለምን ይከሽፋል?» የሚለው ሳይመለስ የማንንም የ10 ዓመት ገንዘብ አትንኩ። ገበያው ጠባብ ግን ታማኝ ከሆነ፣ ለምሳሌ 200 ላቦራቶሪዎች ብቻ የሚገዙት መለኪያ ከሆነ፣ ቬንቸር ካፒታል ይጎዳችኋል። ፈቃድ ስጡት ወይም በሽያጭ አሳድጉት። በዓመት 3 ሚሊዮን የሚሸጥ ጤነኛ ኩባንያ ምንም ነውር የለበትም።

ከወሰናችሁ ደግሞ ተርም ሺቱን፣ የውሉ ዋና ሁኔታዎች የተጻፉበትን ወረቀት፣ በቁጥር አንብቡት። እንዲህ እንበል። ዩኒቨርሲቲው 5 በመቶ፣ ሦስት መሥራቾች 95 በመቶ ይዛችሁ ጀመራችሁ። የመጀመሪያው ዙር 20 በመቶ ወሰደ። ሁለተኛው ሌላ 20 ወሰደ፤ ለሠራተኞች የሚያዝ 10 በመቶም ተጨመረ። ሦስተኛው 20 ወሰደ። የሦስታችሁ ድምር ወደ 42.6 በመቶ ወርዷል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም።

ዋናው የቅድሚያ ክፍያ መብት የሚባለው ነው። በድምሩ 40 ሚሊዮን ዶላር ተቀብላችሁ ኩባንያው በ45 ሚሊዮን ተሸጠ እንበል። ባለሀብቶቹ መጀመሪያ ያፈሰሱትን 40 ሚሊዮን ያነሳሉ። የቀረው 5 ሚሊዮን ለመሥራቾች፣ ለሠራተኞችና ለዩኒቨርሲቲው ይከፋፈላል። ለሦስታችሁ ወደ 4 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ለእያንዳንዳችሁ 1.3 ገደማ፣ ታክሱ ሳይነሳ። ምናልባት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ዜናው ግን «በ45 ሚሊዮን ተሸጠ» ነው የሚለው፤ አገር ቤት ያሉ ዘመዶችም የሚሰሙት እሱን ነው። መብቱ አንድ እጥፍ ከሆነ የተለመደ ነው። ሁለት እጥፍ ከሆነ፣ ወይም ያፈሰሱትን ከወሰዱ በኋላ ከቀሪው እንደገና የሚካፈሉ ከሆነ፣ ከጠበቃ ጋር ተቀመጡ። የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የራሳችሁን ያዙ።

የመኖሪያ ወረቀት ነገርም አለ። በተማሪ ቪዛ ሆኖ አክሲዮን መያዝና ለኩባንያው መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከምረቃ በኋላ ያለው የ12 ወር የሥራ ፈቃድና ለሳይንስ ተማሪዎች የሚጨመረው 24 ወር የራሳቸው ደንብ አላቸው። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ከመቀበላችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ።

አውሮፓ ላላችሁ፦ ስዊድን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ የፈጠራው ባለቤት ራሱ ነው፤ ይህ ትልቅ ጉልበት ነው። ጀርመን ይህን መብት በ2002 አንስታለች። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ድርሻ ይወስዳሉ የሚለው ቅሬታ በርትቶ በ2023 የወጣው የመንግሥት ግምገማ ለሕይወት ሳይንስ ከ10 እስከ 25 በመቶ፣ ለሶፍትዌር ዓይነቱ ደግሞ 10 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን መክሯል። ስትደራደሩ ይህን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። እስራኤል ያላችሁ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ድርጅት ኢሱም ከ1964 ጀምሮ ይህን ሥራ እንደሚሠራ አትርሱ፤ ኢንቴል በ2017 በ15.3 ቢሊዮን ዶላር የገዛውን የመኪና ካሜራ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ሞቢልአይን ያቋቋመውም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው።

ልጅቷ ባለፈው እሑድ መልሳ ደወለች። ሰውየውን ጠይቃዋለች። ፈንዱ ስድስተኛ ዓመቱ ላይ ነው፤ አራት ቀርቶታል። የእሷ ሽፋን ደግሞ እስካሁን ላብ ውስጥ ሳይላላጥ የቆየው 200 ሰዓት ነው። የሚገዙት ፋብሪካዎች 5,000 ሰዓት ይፈልጋሉ። በዲቪ የመጣች ስለሆነች ግሪን ካርድ አላት፤ ከፕሮፌሰሯ ጋር የኤስቲቲአር ማመልከቻ እየጻፈች ነው። ሰውየውንም አልሸኘችውም። «በየሦስት ወሩ ስንት ሰዓት እንደደረስን ልጻፍልህ?» ብላዋለች። እሺ ብሏል።